ባትሪም ዶፒንግ ይወስዳል እንዴ?

ባለፈው ኅዳር ጣርማበር አጎቴ ጋ ወጥቼ ነበር። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቡናውም ሳይፈላ፣ ከደብረ ብርሃን የገዟትን የሶላር ባትሪ ካርቶን ከአልጋ ስር ጎትተው አመጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ፣ "እስቲ ተምረሃል አይደል፣ ይሄ ምን እንደሚል አንብብልኝ" አሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ሲተረጎም "ካቶዱ ዶፕ የተደረገ፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የላቀ" ምናምን ነው፣ እኔም እንደዛው ነገርኳቸው። ሳቁ። "ዶፒንግ? እንደ ሯጮቹ? ታዲያ አይያዝም ወይ?" ለካ ሻጩ በዛች ቃል ብቻ ጎኗ ካለችው ባትሪ ሁለት ሺ ብር አስበልጦ ነው የሸጠላቸው።

እኔን ያንገበገበኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ማስተርሴን የሰራሁት በዚሁ ጉዳይ ነው፣ ካቶድ ውስጥ ትንሽ ሌላ ኤለመንት አስገብቶ ኮንዳክቲቪቲውን መለካት፣ እና በዚችው ቃል እኔ ራሴ ሶስት ወር ተታልያለሁ (እደርስበታለሁ)። ስለዚ ያን ማታ እሳት ዳር ለአጎቴ ያወራሁትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ትንሽ ቁጥር ጨምሬበት።

መጀመሪያ ካቶድ ምንድነው የሚለው። ሊቲየም ባትሪ ብትፈቱ (አትፍቱ ግን፣ እሳት ነው) ሁለት ስስ ፎይል አብሮ ተጠቅልሎ ታገኛላችሁ፣ አንዱ መዳብ ሆኖ ላዩ ግራፋይት የተቀባ ነው፣ እሱ አኖዱ ነው፣ ሌላው አሉሚኒየም ሆኖ ጥቁር ዱቄት የተለጠፈበት ነው፣ እሱ ካቶዱ። መሃላቸው ስስ ፕላስቲክና ኤሌክትሮላይት የሚባለው ፈሳሽ አለ። አምፖል ስታበሩ ግራፋይቱ ውስጥ ያደረው ሊቲየም ለሁለት ይለያል፣ አዮኑ (ኤሌክትሮኑን የለቀቀው ሊቲየም ማለት ነው) በውስጥ በፈሳሹ በኩል ይሄዳል፣ ኤሌክትሮኑ በውጭ በሽቦው ዞሮ አምፖሏን አብርቶ ይመጣል፣ ሁለቱም መጨረሻ ላይ ካቶዱ ውስጥ ይገናኛሉ። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ።

እዚች ጋ ቆም በሉ። ካቶዱ የሚቀበለው ሁለት እንግዳ ነው፣ አዮንና ኤሌክትሮን፣ አዮኑ ደርሶ ኤሌክትሮኑ ከዘገየ አዮኑ ደጅ ይቆማል፣ ኤሌክትሮኑ ቀድሞ አዮኑ ከዘገየም እንደዛው። ስለዚ አንድ ሰው መጥቶ "የኔ ካቶድ በደንብ ያስተላልፋል" ሲላችሁ ማንን ነው የሚያስተላልፈው በሉት። አጎቴ ይቺን ከሁሉ በፊት ነው የያዟት፣ "ሙሽራውም ሚዜውም ካልመጣ ሰርግ አይጀመርም" ብለው ዘጉት።

አሁን ወደ ቁጥር። በሲመንስ በሴንቲሜትር ብጽፈው ማንም አያነብልኝም፣ በቴስተር እናስበው። የካቶዱን ዱቄት ጨምቀን ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲሜትር ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ክኒን ሰራን እንበል፣ በሁለቱም ፊት ሜታል ቀብተን ኦሙን ለካን (ኦም የሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የመከልከል መለኪያ ነው፣ ባነሰ ቁጥር በደንብ ያስተላልፋል)። ስልክ ውስጥ ያለው ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ እንደ አሰራሩ ከመቶ ኦም እስከ ሺዎች ይሰጣል። አሁን በየሶላሩና በየኤሌክትሪክ መኪናው የገባው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን፣ ንጹሁን ማለቴ ነው፣ መቶ ሚሊዮን ኦም አካባቢ ነው። ያቺ ሁሉም ጠጋኝ ኪስ ውስጥ ያለች ቢጫ ቴስተር እስከ 2 ሚሊዮን ኦም ብቻ ስለምትለካ ግራ ጥግ ላይ "1" ብላ ትቆማለች፣ ማለትም ሽቦው ተበጥሷል ነው የምትላችሁ። የባትሪው ዋና እቃ እንደ ተበጠሰ ሽቦ ሲነበብ አስቡት።

ዶፒንግ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መድሃኒት አይደለም፣ ቅመምም አይደለም። በርበሬ ውስጥ ኮረሪማ ስትጨምሩ ኮረሪማው ኮረሪማ፣ በርበሬውም በርበሬ እንደሆነ ነው የሚቀላቀለው፣ ዶፒንግ እንደዛ አይደለም። መንዝ ባና ሲሰራ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ ሰሪው ጥቁሩን የበግ ጸጉር ፈትል እያስገባ ቆይቶ በየሃያው አንዱን ነጭ ቢያደርገው ባናው ያው ባና ነው፣ አሰራሩ አልተነካም፣ ግን ያቺ ነጭ ፈትል ላዩ ላይ የተደረበች ሳትሆን የጥቁሩን ቦታ ይዛ የገባች ናት። ክሪስታል ውስጥም አተሞቹ በረድፍ በረድፍ ናቸው፣ ከየሃያው ወይ ከየመቶው ኮባልት አንዱን አንስተን በቦታው ማግኒዚየም እናስቀምጣለን፣ ዶፒንግ ማለት ይቺ መተካት ናት። ዱቄቱን ከውጭ በካርቦን መለበጥ ዶፒንግ አይባልም፣ እሱ ሽፋን ነው። ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፣ እኔ ባለመያዜ ነው የተቃጠልኩት።

ማግኒዚየም ገብቶ ኤሌክትሪኩ ለምን ይጨምራል? ማግኒዚየሙ ራሱ አስተላልፎ አይደለም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አግዳሚው ላይ ሰው ጢም ብሎ ተቀምጧል እንበል፣ ማንም የትም መሄድ አይችልም። አንድ ሰው ተነስቶ ሲወጣ ጎኑ ያለው ጠጋ ይላል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ወደሱ ጠጋ ይላል፣ እንዲህ እያለች ክፍቷ ቦታ ከአግዳሚው ጫፍ እስከ ጫፍ ትጓዛለች። ኮባልቶቹ እያንዳንዳቸው ባለ 3 ፖዘቲቭ ቻርጅ ናቸው፣ ማግኒዚየም ግን ከ2 አያልፍም፣ ስለዚ ሂሳቡ እንዲመጣጠን ከኮባልቶቹ አንዱ አንድ ኤሌክትሮን ለቆ ባለ 4 ይሆናል። ያቺ የተለቀቀች ቦታ ናት እንግዲህ ከኮባልት ወደ ኮባልት የምትዞረው። በፈረንጆች 1997 ቱካሞቶና ዌስት የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ20 ኮባልት አንዱን በማግኒዚየም ተክተው ሲለኩ ማስተላለፉ በመቶዎች እጥፍ ዘለለ፣ የነሱን ቁጥር ወደኛ ክኒን ብናመጣው 0.2 ኦም ገደማ ይሆናል። ቴስተሯን ድምጽ ላይ ብታደርጓት ትጮሃለች።

"ታዲያ ካርቶኑ እውነቱን ነዋ!" አሉ አጎቴ፣ ሁለት ሺዋ የተመለሰችላቸው መስሏቸው።

ቆይ ጋሼ። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ምንድነው የሚሆነው? ሊቲየሙ ከካቶዱ ይወጣል፣ አብሮትም ኤሌክትሮን ይወጣል፣ ማለትም አግዳሚው ላይ ክፍት ቦታ በራሱ ጊዜ ይፈጠራል፣ ያውም ከማግኒዚየሙ በብዙ የበለጠ። ከሊቲየሙ ሩብ ያህሉ ሲወጣ ኮባልት ኦክሳይዱ ያለምንም ዶፒንግ እንደ ሜታል ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚ ያ በመቶ እጥፍ የተባለው ልዩነት የሚታየው ክኒኑ ገና ከምድጃ እንደወጣ ሲለካ ነው፣ ሊቲየሙ በሙሉ ውስጡ እያለ። ባትሪው ስራ ላይ ሆኖ ግን ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ የተለካበት ሰአት ነው የማይጠቅማችሁ።

ታዲያ ኮባልቱን ለምን ዶፕ ያደርጉታል ካላችሁ አሮጌ ስልክ ካላችሁ ባትሪውን አውጡና ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በፊት የነበሩት 3.7 ቮልት ይሉና የቻርጅ ጣሪያቸው 4.2 ነው። ከዛ 4.35 መጣ፣ ከዛ 4.4። ትንሽ ጭማሪ ትመስላለች፣ ግን ኮባልት ኦክሳይድ በአንድ ግራም 274 ሚሊአምፒር ሰአት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ነው) ይዞ በ4.2 ቮልት ስታቆሙት የምታገኙት 140 ገደማ ነው፣ ግማሹ እዛው ታስሮ ይቀራል። ጣሪያውን ከፍ ስታደርጉ ከታሰረው ትፈታላችሁ። ችግሩ ይሄ እቃ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፣ በየንብርብሩ መሃል ሊቲየሙ ተኝቷል፣ ሊቲየሙን ከልክ በላይ ስታወጡት ንብርብሮቹ ይንሸራተታሉ፣ ሲመለስ በነበሩበት አይገጥሙም፣ ከዛ ይሰነጣጠቃል። አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየም፣ ቲታኒየም በጥቂት በጥቂቱ የሚገቡት ያን ለመያዝ ነው (ሽፋንም አብሮ ይሰራል)። እንደውም አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ አይጨምርም፣ ሁሌም ባለ 3 ስለሆነ ክፍት ቦታ አይፈጥርም፣ የኮባልቱን ወንበር ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ኦክስጅኑን ግን አጥብቆ ይይዛል። ኒኬል የበዛባቸው አንዳንድ የመኪና ባትሪዎች ውስጥም 5 በመቶ አሉሚኒየም አለ፣ ለዚሁ ነው። ስለዚ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ዶፕ የተደረገ ካቶድ አለው፣ ለኤሌክትሪክ ተብሎ ግን አይደለም። ካርቶን ላይ "ዶፕ ያደረግነው እንዳይሰነጠቅ ነው" ብሎ የሚጽፍ የለም፣ አይሸጥማ።

ማንጋኒዝ ያለበት ስፒነል የሚባል ሌላም አይነት አለ፣ እሱም በትንሽ አሉሚኒየም ወይ ማግኒዚየም ይደገፋል፣ ሙቀት ላይ ማንጋኒዙ ወደ ፈሳሹ እየሟሟ ስለሚያስቸግር። እሱን እዚህ ልተወው፣ አጎቴ የገዙት እሱን አይደለምና።

የገዙት አይረን ፎስፌት ነው፣ ያንን መቶ ሚሊዮን ኦሙን። ይሄን እቃ ለባትሪ እንደሚሆን በ1997 ያሳዩት ጆን ጉዲናፍና አብረዋቸው ቴክሳስ የሰሩት ናቸው፣ ያው ኮባልቱንም በ1980 ያመጡት ሰውዬ፣ ኖቤል የደረሳቸው በ2019 ነው፣ 97 አመታቸው ላይ። ብረትና ፎስፌት ርካሽ ነው፣ ኮባልት የለበትም፣ ሲሞቅም እንደሌሎቹ ኦክስጅን አይለቅም። ሁሉም ጥሩ ነበር፣ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ አለ እንጂ።

ለምን አላሳልፍ አለ? የድሮ ፍራሽ ታውቃላችሁ፣ ሲቀመጡበት ስርጉድ የሚለው። ፎስፌቱ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን እንደዛ ነው የሚቀመጠው፣ ዙሪያው ያሉትን አተሞች ገፋ ሳብ አድርጎ ጎድጓዳ ይሰራና እዛ ውስጥ ይሰምጣል፣ ወደ ጎረቤት ብረት ልሂድ ሲል መጀመሪያ ራሱ ከቆፈረው ጉድጓድ መውጣት አለበት። የሚያወጣው ሙቀት ነው። ለዛ ነው እንደዚህ አይነት እቃ ሲሞቅ ማስተላለፉ የሚጨምረው፣ ከመዳብ በተቃራኒው። የጉድጓዱን ጥልቀት ግማሽ ኤሌክትሮን ቮልት (ለአተም የሚሆን ትንሽዬ የጉልበት መለኪያ ነው) ብትወስዱትና ብታሰሉት ከጠዋቱ 8 ዲግሪ ወደ ቀትሩ 20 ዲግሪ ሲወጣ ብቻ ማስተላለፉ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

አዮኑም የራሱ ጣጣ አለው። ኮባልቱ ውስጥ ሊቲየም በእንጀራዎቹ መሃል በፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል፣ ሜዳ ነው። ፎስፌቱ ውስጥ ግን ቀጭን ቀጭን ቀጥ ያሉ ቦዮች ብቻ ናቸው ያሉት፣ አንዱ ካንዱ አይገናኝም ማለት ይቻላል። ይሄን እየነገርኳቸው ሳለሁ አጎቴ ጣታቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። "እንደ ዋሻችን በለኛ!" በጣም ነው ያፈርኩት፣ ሁለት አመት ስለዚህ ቦይ ስጽፍ ጣልያን የቆፈረው የጣርማበር ዋሻ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ደብረ ሲና መውረድ የፈለገ መኪና ሁሉ በዛች ነው የሚያልፈው፣ አንድ ሲኖትራክ መሃሉ ላይ ከተበላሸ ከወዲያም ከወዲህም ይቆማል። ፎስፌቱ ውስጥም ልክ እንደዛ ነው፣ አንዳንዴ ሲሰራ ብረት ተሳስቶ በሊቲየሙ ቦታ ይቀመጣል፣ ያቺ አንዲት ብረት የቆመች ሲኖትራክ ናት። ቦዩ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ የተበላሸ መኪና የመገኘት እድሉ ይጨምራል፣ ስለዚ መፍትሄው ዋሻውን ማሳጠር ነው፣ ማለትም ዱቄቱን በጣም ማድቀቅ፣ ከማይክሮን በታች። እና አስቡት፣ ዶፒንግ ብለን የምናስገባው አተም ሊቲየሙ ቦታ ላይ ከተቀመጠ እሱም ያው ዋሻ ውስጥ የቆመ መኪና ነው፣ ለኤሌክትሮኑ ጠቀመ ብንል እንኳ አዮኑን ይዘጋል።

አሁን ታሪኩ። በ2002 ኤም አይ ቲ ያሉት ዬት-ሚንግ ቺያንግና ባልደረቦቻቸው አይረን ፎስፌት ውስጥ ጥቂት ኒዮቢየም፣ ዚርኮኒየም የመሳሰሉትን በሊቲየሙ ቦታ አስገብተን ማስተላለፉን መቶ ሚሊዮን እጥፍ ጨመርነው ብለው ኔቸር ማቴሪያልስ የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። መቶ ሚሊዮን! ያ መቶ ሚሊዮን ኦም ክኒናችን አንድ ኦም አካባቢ ሆነ ማለት ነው። አለም ተንጫጫ። ወዲያው ግን ጥያቄ መጣ፣ ሚሼል አርማንድ የሚባሉ ተመራማሪ ያሉበት ቡድን ዶፒንጉን ለማስገባት የተጠቀማችሁበት ኬሚካል ካርቦን ያለበት ነው፣ ያለ አየር ሲቃጠል ካርቦኑ ዱቄቱ ላይ ይቀራል፣ የምትለኩት እሱን ይሆናል አሉ። በ2004 ደግሞ ካናዳ ዋተርሉ ያሉት የሊንዳ ናዛር ቡድን በማይክሮስኮፕ አዩት፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ፎስፌቱ ራሱ ከፊሉ ተበላሽቶ አይረን ፎስፋይድ የሚባል እንደ ሜታል የሚያስተላልፍ ነገር ይሆንና በቅንጣቶቹ መሃል እንደ ስስ መረብ ይዘረጋል። ፈትሉ ተቀይሮ ሳይሆን ባናው ላይ ሽቦ ተዘርግቶ ነው እንደማለት። ክርክሩ አመታት ነው የፈጀው። የሚገርመው ባትሪው ጥሩ ሆኖ ነበር የሰራው፣ ቺያንግ ያሉበት ኩባንያ ለመሰርሰሪያ ማሽን ሁሉ ሸጦታል፣ ጸቡ ሰራ አልሰራም አይደለም፣ በምን ምክንያት ሰራ ነው።

እኔ ይሄን ሁሉ አንብቤ ነው እንግዲህ የተሸወድኩት። ፎስፌቱን በማግኒዚየም ዶፕ ላድርግ ብዬ አይረን ኦክሳሌቱን፣ ሊቲየም ካርቦኔቱን፣ አሞኒየም ፎስፌቱን መዝኜ፣ ማግኒዚየሙን በአሲቴት መልክ ጨምሬ፣ ፈጭቼ፣ አርጎን ጋዝ ውስጥ 700 ዲግሪ አበሰልኩት። ማግኒዚየም የሌለበት አመድማ ሆኖ ወጣ። 1 በመቶ ያለበት ትንሽ ጠቆር አለ፣ 3 በመቶ ያለበት የበለጠ፣ 5 በመቶ ያለበት የክሰል ያህል ጠቆረ። ማስተላለፉም በዛው ልክ እየጨመረ ሄደ፣ ግራፉ ቀጥ ብሎ ሽቅብ። በዛ ግራፍ ፍቅር ያዘኝ በቃ፣ ስልኬ ዎልፔፐር ላይ ሳይቀር አድርጌው ነበር። ሶስት ወር።

አድቫይዘሬ አንድ ቀን ባለ 5 በመቶውን ክኒን አነሱና በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ጣታቸውን አሳዩኝ። ጥቁር። "ማግኒዚየም ጥቁር ነው?" አሉኝ። ምንም ሳይጨምሩ ወጡ። አሲቴት ውስጥ ካርቦን አለ እኮ፣ ማግኒዚየም በጨመርኩ ቁጥር ካርቦን እየጨመርኩ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ማግኒዚየሙን ትቼ አሲቴቱን ብቻ ያው መጠን እንዲሆን አድርጌ፣ ከሊቲየም ካርቦኔቱ ከፊሉን በሊቲየም አሲቴት ተክቼ ማለት ነው፣ እንደገና አበሰልኩ። ያው ጥቁር፣ ያው ኦም በሉት። የኔ ዶፒንግ ጥላሸት ነበር።

ከዛ በኋላ ማንም ሰው "ዶፕ አድርጌ ማስተላለፉን ጨመርኩ" ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዶፒንጉን ትተህ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ አድርገህ ስትሰራው ስንት ሰጠህ?

እና ዛሬ እውነተኛው የፎስፌት ባትሪ እንዴት ነው የሚሰራው ካላችሁ በጥላሸት ነው፣ ግን ታስቦበት። ዱቄቱ ይደቃል፣ እያንዳንዷ ቅንጣት በጥቂት በመቶ ካርቦን ትለበጣለች፣ ከዛ ደግሞ ፎይሉ ላይ ሲቀባ ሌላ የካርቦን ዱቄትና ማጣበቂያ ይገባበታል፣ ኤሌክትሮኑ ቅንጣቷ ደጅ ድረስ በካርቦኑ ይመጣል፣ ውስጥ የሚሄደው መንገድ በናኖሜትር የምትቆጠር ስለሆነች ጉድጓዱም ዋሻውም ያን ያህል አይጎዳም። ዶፒንግም አለ፣ አንዳንድ ፋብሪካ ቲታኒየም ወይ ቫናዲየም ትንሽ ጣል ያደርጋል፣ ይረዳል፣ ግን ዋናውን ስራ የሚሰራው እሱ አይደለም። ብረቱን በብዛት በማንጋኒዝ የሚተኩም አሉ፣ ቮልቱ ከ3.4 ወደ 4.1 ይወጣላቸዋል፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ግን ይባስ ይወርዳል፣ ስለዚ የበለጠ ማድቀቅ የበለጠ መለበጥ ነው። ግማሹን ከተኩ ደግሞ እሱን ዶፒንግ ማለት ይከብዳል፣ ግማሹ ነጭ የሆነ ባና ጥቁር ባና አይባልም።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴን አንድ ነገር ላሳያቸው አልኩ። የመኪና የፊት መብራት አምፖል ነበረኝ፣ 55 ዋት፣ ቢጫዋ ቴስተርም ነበረች። ባትሪዋ ያደረችው ከቤቱ ውጪ እንጨት ማስቀመጫዋ ውስጥ ነው፣ ኅዳር ነው፣ ሳሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ተኝቷል። ሳትጫን 13.2 ቮልት፣ አምፖሉ ሲበራ 12.95። አምፖሉ የሚጎትተው 4.2 አምፒር ገደማ ነው፣ የወረደችዋን 0.25 ቮልት ለ4.2 ስታካፍሉ 60 ሚሊኦም ይመጣል፣ ይሄ የባትሪዋ የውስጥ ሬዚስታንስ ነው (ሽቦዋንም ጨምሮ)። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ደገምነው፣ የወረደው 0.12 ብቻ፣ ከ30 ሚሊኦም በታች። ያቺው ባትሪ ናት፣ ያው ዶፒንግ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ፣ ስድስት ሰአት ውስጥ ሬዚስታንሷ በእጥፍ ተለያየ። በብርድ የሚከብደው ካቶዱ ብቻ አይደለም፣ ፈሳሹ ይወፍራል፣ አዮኑ ከፈሳሹ ወጥቶ ቅንጣቷ ውስጥ ለመግባትም ይቸገራል። አንዱ ጋ መቶ ሚሊዮን እጥፍ ብታሻሽሉ ሌላው ጋ ተሰልፎ የሚጠብቅ ከሆነ አምፖሉ ምንም አያውቅም።

ይቺ የአምፖል ዘዴ ካርቶን ከማንበብ ትሻላለች፣ ደብረ ብርሃን ሱቅ ውስጥም ሻጩ ፊት መስራት ይቻላል፣ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሁለት ባትሪ በአንድ አይነት መጠንና ቻርጅ፣ በአንድ ሙቀት፣ አንድ አምፖል። ያነሰ የሚወርደው ይሻላል። ስንት አመት ይቆያል የሚለውን ግን አትነግራችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ከካቶድ ጋር ባይያያዝም ካልነገርኳቸው እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ማድረግ አይገባም፣ ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ያቅተውና ላዩ ላይ እንደ ሜታል ይለጠፋል፣ የተለጠፈው ከፊሉ አይመለስም፣ ሲብስም አድጎ ወዲያኛው ወገን ይደርሳል። ይሄ የአኖዱ ጉዳይ ነው፣ ካቶዱን በፈለጋችሁት ነገር ዶፕ ብታደርጉት አይድንም። አንዳንድ ባትሪ ብርድ ሲሆን ራሱ ቻርጅ የሚያቆም ቦርድ አለው፣ የአጎቴ ግን ካርቶኑን ሶስቴ አንብቤ እንዲህ የሚል አላገኘሁም፣ ፓኔሏ ደግሞ ጣሪያ ላይ ሆና የመጀመሪያዋን የጠዋት ጨረር ነው የምትቀበለው፣ ባትሪዋ ገና በውርጭ ደርቃ ሳለች።

"እና ይሄንን ሻጩ ለምን አልነገረኝም?" አሉ።

ተነስተው ባትሪዋን ከእንጨት ማስቀመጫዋ አውጥተው ምድጃው ካለበት ግድግዳ ጀርባ አስቀመጧት፣ ከእሳቱ በግድግዳ ተከልላ። ከዛ አሮጌ ባና አምጥተው ሊጠቀልሏት ሲሉ ቀን ቀን ስትሰራ መተንፈስ አለባት ብዬ ማታ ማታ ብቻ አስለበስናት። ካርቶኑ ውስጥ ጫጩቶቹ ገቡ።